ነጥብና ሰረዝ፦ ፈተናው ቀለለ ወይስ በሩ ተከፈተ?

ባለፈው ሰሞን የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች አራት ሆነን ለፈተና ተቀመጥን። ማትሪክ አይደለም፤ የመንጃ ፈቃድም አይደለም። የአሜሪካ የአማተር ሬድዮ ፈቃድ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና መለማመጃ ነው። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ጥያቄው 35 ነው፤ 26 የመለሰ ያልፋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆመን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ተቀምጠን ስንሸመድድ ስለከረምን ከአራታችን ሦስታችን አለፍን። የወደቀው 22 አገኘ።

ካለፍነው ከሦስታችን አንዳችንም በሕይወታችን የሬድዮ ማሰራጫ ነክተን አናውቅም።

ይህን የሰማ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ የሬድዮ አማተር ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። ታላላቆቻችን ስለ ማትሪክ የሚሉትን ነው የሚለው፦ «በኛ ጊዜ ፈተና ፈተና ነበር!» ይህቺ «በኛ ጊዜ» የምትባል ነገር በሬድዮው መንደር ውስጥ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ጸብ ጸንሳለች። እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ለማያውቀው፣ አማተር ሬድዮ (በቅጽል ስሙ «ሃም») ማለት ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲል ቤቱ ውስጥ ማሰራጫ ተክሎ ከዓለም ዙሪያ ሰው ጋር የሚገናኝ ሰው ሥራ ነው። ሙዚቃ አያስተላልፍም፣ ማስታወቂያ አይሸጥም። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1,500 ዋት ድረስ ኃይል እንዲጠቀም ይፈቀድለታል። ይህን ያህል ኃይል ለማንም መንገደኛ አይሰጥም። ስለዚህ ፈቃድ አለ፤ ፈቃድ ካለ ደግሞ ፈተና አለ።

መርከቧ ስትሰጥም

ከ1912 በፊት አሜሪካ ውስጥ ማሰራጫ ለመሥራት ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም ነበር። የከተማ ጎረምሳ ሽቦ ይጠቀልላል፣ ጣሪያ ላይ አንቴና ይሰቅላል፣ እሳት እያስፈናጠረ መልእክት ይልካል። የባሕር ኃይሉ «ጆሯችንን አደነቆሩን» እያለ ያማርራል፤ የሚሰማው ግን የለም።

በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ ሰጠመች። ከ1,500 በላይ ሰው አለቀ። በዚያች ሌሊትና በማግስቱ አየሩ በተደበላለቀ መልእክት ተሞልቶ ነበር። ጋዜጦች መርከቧ ተርፋ ወደ ወደብ እየተጎተተች እንደሆነ ሁሉ ጻፉ። እውነቱ ሲታወቅ ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ፤ ጣቱም በከፊል ወደ አማተሮቹ ተቀሰረ። በኦገስት 13 ቀን 1912 የሬድዮ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማሰራጫ ያለው ሁሉ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ሆነ።

አማተሮቹ የሞገድ ርዝመታቸው 200 ሜትርና ከዚያ በታች ወደሆኑት ሞገዶች ተባረሩ። የዘመኑ ሊቃውንት እነዚህ አጫጭር ሞገዶች ሩቅ አይደርሱም፣ ለቁም ነገር አይሆኑም ብለው ያምኑ ነበር። በአጭሩ ጭንጫ መሬት ተሰጣቸው። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1923፣ አንድ የኮኔቲከት አማተር ፈረንሳይ ኒስ ከተማ ካለ ጓደኛው ጋር አትላንቲክን ተሻግሮ ተነጋገረ፤ የተጠቀሙበት ሞገድ ወደ 110 ሜትር ገደማ ነበር። ጭንጫው መሬት ለካ ወርቅ ነበረው። ከዚያ በኋላ መንግሥታትም ኩባንያዎችም ወደ አጭር ሞገድ ተንጋጉ።

የመጀመሪያው ፈተና ምን ይመስል ነበር? ተፈታኙ መሣሪያውን ማስተካከል እንደሚችል ያሳያል፣ ሕጉን ማወቁን ይመሰክራል፣ ከዚያ በሞርስ ኮድ በደቂቃ 5 ቃል መላክና መቀበል መቻል አለበት። ከፈተና ጣቢያ ርቆ የሚኖር ደግሞ በፖስታ ማመልከት ይችል ነበር። ኮዱ የተጠየቀበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1912 አየር ላይ የሚሰማው ሁሉ ነጥብና ሰረዝ ነው። መርከብ «ድረሱልኝ» ስትል ወይም የባሕር ኃይሉ «ዝም በል!» ሲልህ ካልገባህ ለሌላው አደጋ ነህ። ያኔ ኮድ መፈተን ሾፌር የትራፊክ መብራት ያውቅ እንደሆነ መፈተን ማለት ነበር።

ይህን ያዙልን፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

13ቱ ቃል

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ 5ቱ ቃል 10 ሆነ። በ1934 የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍ.ሲ.ሲ.) ተቋቋመ። በ1936 ደግሞ 10ሩ ወደ 13 አደገ። በእነዚያ ዓመታት የአማተሮቹ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ጨምሮ አየሩ ተጨናንቆ ነበር። ሦስት ቃል ብትጨመር ምን ታመጣለች? ብዙ ታመጣለች።

የሞርስ ጀማሪ መጀመሪያ ላይ እየቆጠረ ነው የሚተረጉመው። ነጥብ ሰረዝ፣ «ኤ»፤ ሰረዝና ሦስት ነጥብ፣ «ቢ»። ይህ ዘዴ እስከ 10 ቃል አካባቢ ያዘልቃል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ከቆጠራው ይፈጥናል፤ ተማሪው ወሩን ሙሉ እዚያው ይዳክራል። ግድግዳውን የሚያልፈው መቁጠር ትቶ ፊደሉን እንደ ዜማ በአንድ ጊዜ መስማት ሲጀምር ብቻ ነው። 13 ቃል ከዚህ ግድግዳ ማዶ ነበረች። ብዙ ወጣት የቀረው እዚያች ላይ ነው።

ፈተናው በኤፍ.ሲ.ሲ. ቢሮ ይሰጣል። ቢሮው ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው። ፈታኙ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ፊቱ አይፈታም። ጆሮ ማዳመጫ ታደርጋለህ፣ እርሳስ ትይዛለህ፣ አምስት ደቂቃ ኮድ ይለቀቅብሃል። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ የአንድ ደቂቃውን፣ ማለትም 65 ፊደል በተከታታይ፣ አንድም ሳትስት መጻፍ አለብህ። 64ኛው ላይ ከሳትክ እንደገና ከአንድ ይቆጠራል። ቀጥሎ በእጅህ መትተህ ትልካለህ። ከዚያ የጽሑፉ ፈተና ይመጣል፤ በድሮው ጊዜ የወረዳ ንድፍ በእጅ መሳል ሳይቀር ነበረበት። የወደቀ 30 ቀን ጠብቆ ይመለሳል።

ይህን ያለፈ ሰው ምን ይሰማዋል? ኩራት! ሕይወቱን ሙሉ የማይረሳው ኩራት። የ«በኛ ጊዜ» ሥሩ እዚህ ነው ያለው፤ አናሾፍበትም። ላብ የተከፈለበት ነገር ነው።

መሰላሉ

በ1951 ኤፍ.ሲ.ሲ. አዲስ መሰላል አቆመ። ከታች «ኖቪስ» አለ፦ 5 ቃልና ቀላል የጽሑፍ ፈተና፤ ኃይሉ 75 ዋት፤ ዕድሜው አንድ ዓመት፤ አይታደስም። ሐሳቡ «ገብተህ ቅመስ፣ በዓመት ውስጥ አድገህ ውጣ» ነው። መሃል ላይ 13 ቃል የሚጠይቀው «ጄኔራል» አለ። ጫፉ ላይ «ኤክስትራ» ተቀመጠ፤ እሱ 20 ቃል ይፈልጋል። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነው። መንግሥት አገሪቱ በክፉ ቀን የምትጠራቸው የሠለጠኑ የሬድዮ ሰዎች እንዲኖሯት ይፈልግ ነበር፤ ይህንንም በደንቡ መግቢያ ላይ በግልጽ አስፍሮታል። በኖቪስ በር ከገቡት ብዙዎቹ ገና ድምፃቸው ያልጎረነነ ልጆች ነበሩ።

መሰላሉ ግን አንድ ችግር ነበረበት። በ1953 ኤፍ.ሲ.ሲ. የጄኔራል ፈቃድ ያለው ሁሉ የአማተሩን አየር በሙሉ እንዲጠቀም ፈቀደ። እንግዲህ 20 ቃል ተፍጨርጭሮ ኤክስትራ የሚሆን ሰው ለምን ብሎ? በ1963 ትልቁ የአማተሮች ማኅበር ለከፍተኛ ፈቃድ የተለየ ጥቅም ይሰጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኮሚሽኑ በ1967 ወሰነ፤ ውሳኔውም ከ1968 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን ለ15 ዓመት የተጠቀሙበት አየር ከብዙ ሺህ ሰዎች እጅ ተቀማ፤ «ተመልሰህ ተፈተንና እንሰጥሃለን» ተባሉ። ቁጣው እንዲህ በቀላሉ አልበረደም። በእነዚያ ቀናት ማኅበሩን ትተው የወጡ ሰዎች ቂሙን ለአሥርት ዓመታት ሲያወሩ ኖረዋል።

እኛን የገረመን አንድ ነገር ነው። ይህ ጸብ «ፈተናው ቀለለ» የሚል አልነበረም፤ «ለምን ከበደ?» የሚል ነበር። ትናንት ከብዶብናል ያለው ሰው ነው ከሃያ ዓመት በኋላ ቀለለ ብሎ የጮኸው።

ሽምደዳ ሕጋዊ ሲሆን

በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ብልሃት ዘየደ። ከኤፍ.ሲ.ሲ. ቢሮ በር ላይ ተፈትነው የሚወጡትን እየጠበቀ «ምን ጠየቋችሁ?» ይላቸዋል። ጥቂት ጥያቄ ከዚህ፣ ጥቂት ጥያቄ ከዚያ እየለቀመ እውነተኛውን ፈተና የሚመስል መጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ። ግማሹ ሌባ አለው። ግማሹ መጽሐፉን ገዛው። አንዳንዱ ሁለቱንም አደረገ።

ቀጥሎ የመጣው ነው አስቂኙ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኤፍ.ሲ.ሲ. በጀት ጠበበ፤ በየከተማው ተቀምጦ አማተር ሲፈትን የሚውል ሠራተኛ ማቆየት ከበደው። በ1982 ኮንግረሱ ፈተናውን በጎ ፈቃደኞች እንዲሰጡት የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ከሕጉ ጀርባ ከነበሩት አንዱ ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር ነው፤ በ1964 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የተሸነፈው። እሱ ራሱ የታወቀ አማተር ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ሦስት ነባር አማተሮች በቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ሆነ በትምህርት ቤት ተሰብስበው አዲሱን ይፈትናሉ።

ጥያቄውስ? በሺህ የሚቆጠሩ ፈታኞች እጅ የገባ ጥያቄ ምስጢር ሆኖ ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄና መልሱ በሙሉ ለሕዝብ ታተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥያቄዎቹን ማዘጋጀቱም ለአማተሮቹ ተላለፈ። ትናንት በር ላይ ተጠብቆ የሚለቀመው ነገር ዛሬ በአዋጅ ወጣ። እኛ አራታችን የሸመደድነው ይህንኑ ነው፤ ለመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ከ400 በላይ ጥያቄ አለ።

ትክክል ነው? ሁለቱንም ወገን ሰምተናል። ተቃዋሚው «ይህ ፈተና አይደለም፣ የማስታወስ ውድድር ነው» ይላል። ደጋፊው ደግሞ «400 ጥያቄ ከነመልሱ ያነበበ ሰው ቢያንስ 400 ነገር አንብቧል፤ የቀረውን ከመሣሪያው ጋር ይማረዋል» ይላል። እኛ ራሳችንን መዘንን። ከሁለት ሳምንት በፊት አንቴና ለምን በሞገዱ ግማሽ ርዝመት እንደሚቆረጥ አናውቅም ነበር፤ አሁን እናውቃለን። ቆርጠን ስቀሉ ብንባል ግን እንተያያለን።

ኮዱ እንዴት ሞተ?

ወደ መብራቱ እንመለስ። በ1912 ኮድ የመንገዱ ቋንቋ ነበር። ከዚያ ድምፅ መጣ፣ ቴሌታይፕ መጣ፣ ሳተላይት መጣ፣ ኮምፒውተር መጣ። ፈተናው ግን ኮዱን አለቅም አለ። ያስያዘውም የአሜሪካ እልህ ብቻ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የሬድዮ ደንብ ራሱ ያዝዝ ነበር። ግን ደንቡም በየጊዜው ይሸረፍ ነበር። በ1947 አገሮች ኮዱን መተው የሚችሉት ከ1,000 ሜጋኸርዝ በላይ ብቻ ነበር፤ በ1959 ከ144 በላይ፤ በ1979 ከ30 በላይ።

ጃፓን ግን አልጠበቀችም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮድ የማይጠይቅ፣ ኃይሉ አነስተኛ የሆነ የድምፅ ፈቃድ በአጭር ሞገድ ላይ ሳይቀር ሰጠች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጃፓን የአማተር ጣቢያዎች ቁጥር ከ1 ሚሊዮን አልፎ ነበር፤ ከአሜሪካ ይበልጣል። አየሩም አልፈረሰም።

አሜሪካ ውስጥ ኤፍ.ሲ.ሲ. በ1983 ኮድ የሌለው ፈቃድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ነባሮቹ ተነሱበትና ተወው። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በፌብሩዋሪ 1991፣ «ቴክኒሺያን» ያለ ኮድ ተፈቀደ፤ ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ ብቻ። በ1999 የዓለም መርከቦች የጭንቅ ጥሪያቸውን ከሞርስ ወደ ሳተላይትና ዲጂታል ሥርዓት አዛወሩ። ኮዱን ወደ ፈተና ያመጣችው መርከብ ራሷ ኮዱን ጥላ ሄደች ማለት ነው። በኤፕሪል 15 ቀን 2000 13ቱም 20ውም ቃል ቀርቶ ለሁሉም 5 ሆነ። የደረጃዎቹም ቁጥር ለአዲስ ተፈታኝ ወደ ሦስት ወረደ። በዚያ ጊዜ ኤክስትራ ያገኘውን ነባሮቹ «ኤክስትራ ላይት» ብለው ሰየሙት፤ ስኳር እንደሌለው ለስላሳ።

በ2003 ጄኔቭ ላይ የተሰበሰበው የዓለም የሬድዮ ጉባኤ ኮዱን ለየአገሩ ምርጫ ተወው። ስዊዘርላንድ፣ እንግሊዝና ጀርመን ወራት ሳይቆዩ አነሱት። አሜሪካ ሦስት ዓመት ተከራከረች። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2007 የመጨረሻዋ 5 ቃል ከፈተናው ወጣች።

ክርክሩ ጨዋ አልነበረም። በአንድ ወገን «ኮድ ማጣሪያ ነው፤ ያልጣረ ሰው ዲሲፕሊን የለውም፤ አየሩ የስድብ ሜዳ ይሆናል» ይባላል። በሌላው «እናንተ የምትጠብቁት ሬድዮውን አይደለም፤ ወረፋችሁን ነው» ይባላል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ነበራቸው። የኮዱ ፈተና ዋጋ ያለው ችሎታ መለካቱ አይካድም። ግን ጆሮው የማይታዘዝለትን ጎበዝ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ውጭ አስቀርቶ፣ ጆሮው የሚሰማለትን ባለጌ አስገብቷል። 13 ቃል ጨዋነትን አይለካም።

ከዚያስ?

ሰማይ አልወደቀም። በቀጣዮቹ ዓመታት የአሜሪካ አማተሮች ቁጥር ከ700 ሺህ አለፈ። ሞርስም አልሞተም፤ የሚገርመው ይህ ነው። ግዴታነቱ ሲቀር ወጣቶች በፍላጎታቸው ይማሩት ጀመር፤ የኮድ ውድድሮች ዛሬም አየሩን ይሞሉታል። በሌላ በኩል በ2017 ኤፍ.ቲ.8 የሚባል የዲጂታል ዘዴ መጣ። ከፈጠሩት አንዱ በ1993 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ጆ ቴይለር ናቸው። የሰው ጆሮ ጨርሶ የማይሰማውን ደካማ ምልክት ኮምፒውተር ለቅሞ ያወጣዋል። አዲስ ጸብም ወለደ፦ «ይህ ሰው ሳይሆን ማሽን ነው የሚያወራው!» በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ደግሞ ፈተናው በቪዲዮ ቤት ድረስ ገባ።

ፈተናው ቀለለ ብቻ ብሎ መደምደም ልክ አይመስለንም። ኮዱ ወጣ፤ ሌላ ነገር ገባ። ዛሬ የሚጠየቀው አንቴናህ ከጎረቤትህ መስኮት ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ የሬድዮ ጨረር ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ የዲጂታል ምልክት እንዴት እንደሚሠራ ነው። የ1936 ጀግና ይህን አልተጠየቀም።

ታሪኩን ስናየው እያንዳንዱ ዘመን የፈተነው የፈራውን ነው። በ1912 የፈሩት ጫጫታ ነው፤ ዝም ማለትን ፈተኑ። በ1936 የፈሩት ብዛት ነው፤ ግድግዳውን አስረዘሙ። በ1951 የፈሩት ጦርነት ነው፤ ልጆችን የሚያስገባ መሰላል አቆሙ። በ1990ዎቹ የፈሩት እርጅና ነው፤ አዳራሹ በሽበት ብቻ እንዳይሞላ በሩን ከፈቱ። «ደረጃው ወረደ» የሚል ሰው ሲመጣ እንግዲህ «ደረጃው የተሠራው ምን ፈርተው ነበር? ያ ፍርሃት ዛሬም አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

እኛስ ዘንድ?

አገራችን ለዚህ ታሪክ ባዳ አይደለችም። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች በትርፍ ሰዓታቸው በአማተር ሬድዮ ከዓለም ጋር ያወሩ ነበር። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ፣ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. የሚባል የክበብ ጣቢያ አለ፤ ተማሪዎች ማይክራፎን ይዘው የኢትዮጵያን የጥሪ ምልክት ሲጠሩ ከየአህጉሩ የሚመልስላቸው ይሻማል። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ድምፅ ብርቅ ስለሆነ ነው። ዲሲና አካባቢዋ ላሉ ወገኖቻችንም አንድ ነገር እንንገር፦ የአሜሪካውን ፈተና ለመውሰድ ዜግነት አይጠየቅም፤ ደብዳቤ የሚደርስበት የአሜሪካ አድራሻ ይበቃል።

አሁን ወደ ቡና ቤቱ እንመለስ። ከአራታችን የወደቀው፣ 22 ያገኘው ልጅ፣ ከመካከላችን ሬድዮ ከፍቶ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ልጅ ሆኖ የአባቱን አሮጌ ሬድዮ ፈታቶ ገጥሟል፤ የቆርቆሮ ብየዳ ጠባሳ አውራ ጣቱ ላይ አለ። ስለ ኤሌክትሪክ የተጠየቀውን ሁሉ ሳያነብ መልሷል። የጣለው የአሜሪካ ደንብ ነው፦ የትኛው ፈቃድ የትኛውን ሞገድ፣ ጣቢያህን በየስንት ደቂቃው ትጠራለህ። ይህን ስላልሸመደደ ወደቀ።

«ፈተናው በደለህ» አልነው፤ ልናጽናናው።

«አልበደለኝም» አለ። «ማሰራጫ ይዤ የሰው ሞገድ ላይ ብወጣስ? ይሄን ማወቅ አለብኝ።» ከዚያ ስልኩን አወጣና ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረ። እኛ ያለፍነው ሦስታችን ሒሳብ ከፍለን ስንወጣ ገና 40ኛው ላይ ነበር።

አንቴና ሊሰቅልልን ቃል ገብቷል። ለመስማት ብቻ፤ ፈቃዱ እስኪመጣ።